በወንዝ ማዶ ቆሞ የሚያይ ሰው ዕዳ

ሰው ክፉውን ሥራ በገዛ እጁ ሳይሠራ፥ ሌላው ሲሠራው ቆሞ ቢያይና ዝም ብሎ ቢያልፍ፥ ከበደሉ ድርሻ አለበትን ወይስ የለበትም? ይህ ጥያቄ ለሊቃውንት ክርክር ብቻ የተተወ አይደለም፤ በየቤታችንና በየደጃችን በየዕለቱ የሚያጋጥመን ነው። በንስሐ አባትነት ሥራችን የምንሰማውን ብናስተውል፥ ተነሳሒው ብዙ ጊዜ በእጁ የሠራውንና በአንደበቱ የተናገረውን ይናዘዛል፤ «ዓይኔ አየ፥ እጄ ግን ሊረዳ ሲችል ተወ» ብሎ የሚናዘዝ እጅግ ጥቂት ነው። እኛም ካህናቱ ይህን ኃጢአት ከቍጥር አግብተን የምንጠይቅበት ጊዜ ብዙ አይደለም።

ስለዚህ ነገሩን በምሳሌ እንመረምረው ዘንድ ወደድን። ምሳሌውንም ከቅርብ አላመጣነውም፤ የቅርብ ነገር ወገንተኝነትን ያስነሣልና፥ ሰውም የገዛ ቍስሉ ሲነካበት ከመማር ይልቅ መቈጣት ይቀናዋልና። የምንናገረው በሩቅ ምሥራቅ፥ በቻይና አገር፥ ሻንጋይ በምትባል ከተማ በ1929 ዓ.ም. ክረምት ተጀምሮ በ1930 ዓ.ም. በኅዳር ወር ስለ ተፈጸመው ታላቅ ጦርነት ነው። ዘመኑንም ሁሉ በእኛ አቈጣጠር እንጽፈዋለን።

ጃፓን ከ1924 ዓ.ም. ጀምሮ ማንቹሪያ የተባለውን የቻይናን ሰሜናዊ ምሥራቅ ክፍል ይዛ ነበር። ሰኔ 30 ቀን 1929 ዓ.ም. በቤጂንግ አጠገብ ባለ አንድ ድልድይ ላይ በሁለቱ ሠራዊት መካከል ተኩስ ተነሣ፤ ከዚያም እሳቱ እየሰፋ ሄዶ ከአምስት ሳምንት በኋላ፥ ነሐሴ 7 ቀን፥ ወደ ሻንጋይ ደረሰ። ሻንጋይ በዚያን ጊዜ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት የቻይና የንግድ በር ነበረች። ከተማይቱ አንዲት ስትሆን አገዛዟ ግን በሦስት የተከፈለ ነበር። ቻይና በኦፒየም ጦርነት በእንግሊዝ ተሸንፋ በ1834 ዓ.ም. ውል ከፈረመች በኋላ፥ የውጭ አገር ሰዎች በከተማይቱ ውስጥ የራሳቸውን ሠፈር አቋቁመው በራሳቸው ሕግ ይተዳደሩ ነበር። አንዱ እንግሊዞችና አሜሪካኖች ከሌሎች ጋር ሆነው የሚያስተዳድሩት ዓለም አቀፍ ሠፈር፥ ሁለተኛው የፈረንሳይ ሠፈር፥ ሦስተኛው በቻይና መንግሥት ሥር ያለው ከተማ ነበር። ከዓለም አቀፉ ሠፈር ዋናውን ክፍል በሰሜን በኩል ካለው የቻይናዎች ሠፈር የሚለየው ሱዡ የተባለ ጠባብ ወንዝ ነበር። በዚህ ማዶ የተናገረውን ሰው በዚያ ማዶ ያለው ሊሰማው ይችላል። አንባብያን ሆይ፥ ይህን ወንዝ ልብ በሉልን፤ የጽሑፋችን ነገር ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና።

የቻይናው መሪ ቺያንግ ካይሼክ በጀርመኖች የሠለጠነውን ምርጥ ሠራዊቱን ወደዚህ ከተማ አዘመተ። ይህን ያደረገበትን ምክንያት ታሪክ ጸሐፊዎች ሲያትቱ፥ አንደኛ ጠላቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ ለመሳብ፥ ሁለተኛም የዓለም መንግሥታት ሁሉ ዓይን በሻንጋይ ስለ ነበረ፥ በዚያ የሚፈሰው ደም ሳይታይ እንደማይቀር ተስፋ አድርጎ ነው ይላሉ። በሦስት ወር ውስጥ ከቻይና ወገን 700,000 የሚያህል ጦር ተራ በተራ ገባበት፤ ከጃፓንም ወገን ከ200,000 በላይ ተሰለፈ። ጃፓኖች የጦር መርከብ፥ አውሮፕላንና መድፍ በብዛት ነበራቸው፤ ቻይናዎች ግን አብዛኛውን በሰው ብዛትና በልብ ጽናት ይዋጉ ነበር። ከከተማይቱ ወጣ ብላ የምትገኝ ሉዎዲያን የምትባል ትንሽ ከተማ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትተላለፍ ብዙ ሰው ስላለቀባት፥ የሥጋና የደም ወፍጮ የሚል ስም ወጣላት። ጥቅምት 26 ቀን ጃፓኖች ከደቡብ በኩል በባሕር መጥተው በቻይናዎች ጀርባ አዲስ ጦር ባወረዱ ጊዜ የመከላከሉ ተስፋ ተቈረጠ፤ በኅዳር መጀመሪያም ከተማይቱ ወደቀች። የሞተውና የቈሰለው ከቻይና ወገን 200,000 ያህል፥ ምናልባትም ከዚያ በላይ፥ ከጃፓን ወገንም ከ40,000 በላይ እንደ ሆነ ይገመታል። ሰላማዊውን ሕዝብ በዚህ ቍጥር ውስጥ አላስገባነውም።

እንግዲህ ወደ ነገራችን እንመለስ። ይህ ሁሉ ሲሆን በወንዙ ማዶ ያለው ሠፈር በሰላም ይኖር ነበር። ቡና ቤቱ ክፍት ነበረ፤ ገበያው ይቆም ነበረ፤ በታላላቆቹ ሆቴሎች ሰገነት ላይ ሰዎች ወጥተው ቤቱ ሲነድድና ሰው ሲወድቅ እንደ ቴአትር ይመለከቱ ነበር። ሆኖም የተመልካች ሥፍራ ከአደጋ የራቀ መስሎ የታያቸው ለጥቂት ጊዜ ነበር። ጦርነቱ በተጀመረ በማግስቱ፥ ነሐሴ 8 ቀን፥ የቻይና አውሮፕላኖች በወንዝ ላይ የቆመ የጃፓን የጦር መርከብ ለመምታት መጥተው፥ ቦምባቸው ዒላማውን ስቶ በገዛ ወገናቸው ላይ በዓለም አቀፉና በፈረንሳይ ሠፈር ውስጥ ወደቀ። ከሁሉ የከፋው «ታላቁ ዓለም» በሚባለው የመዝናኛ ቤት አጠገብ፥ ከጦርነት ሸሽተው በተሰበሰቡ ስደተኞች መካከል የወደቀው ነው። በዚያች ቀን ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች አለቁ። ይህን የጻፍነው ተከላካይ ሁሉ ከስሕተት ንጹሕ፥ አጥቂ ብቻ ገዳይ ነው የሚል እንዳይኖር ነው። ጦርነት በተነሣ ጊዜ እሳቱ የለኰሰውንና ያልለኰሰውን ለይቶ አይበላም።

በጥቅምት አጋማሽ የቻይና ሠራዊት ከወንዙ ሰሜናዊ ዳርቻ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፥ አራት መቶ ያህል ወታደሮች ሲሃንግ በሚባል መጋዘን ውስጥ እንዲቀሩ ታዘዙ። ሲሃንግ ማለት አራት ባንኮች ማለት ነው፤ አራት ባንኮች በኅብረት ያሠሩት በሲሚንቶ የጸና ሕንጻ ስለ ነበረ ነው። አዛዣቸው ሌተና ኮሎኔል ሽየ ጂንዩዋን የተባለ መኰንን ነበረ። ቍጥራቸው እንዳይታወቅ «ስምንት መቶ ነን» አሉ፤ እስከ ዛሬም «ስምንት መቶዎቹ ጀግኖች» እየተባሉ ይጠራሉ። ከጥቅምት 17 ቀን 1930 ዓ.ም. ጀምሮ አራት ቀን ሙሉ ሕንጻውን ጠበቁ። ጃፓኖች በከባድ መድፍ ሊያፈርሱት ያልቻሉት፥ ከሕንጻው ኋላ ወንዙ፥ ከወንዙም ማዶ የውጭ መንግሥታት ሠፈርና የጋዝ ማከማቻዎች ስለ ነበሩ ነው።

እነዚህ ሰዎች ለምን ቀሩ? ከተማይቱን ለማዳን አይደለም፤ ከተማይቱ እንደማትድን ታውቋልና። የቀሩት ይታዩ ዘንድ ነው። ጥቅምት 24 ቀን በብራስልስ ከተማ የቻይናን ነጻነት ለመጠበቅ በ1914 ዓ.ም. ውል የገቡት መንግሥታት ጉባኤ ሊከፈት ተቀጥሮ ነበር። ቺያንግ ካይሼክ ጉባኤው በሚሰበሰብበት ሰሞን ቻይና ገና እየተዋጋች መሆኗ በዓለም ዓይን ፊት ይታይ ዘንድ እነዚህን ሰዎች እንደ ምስክር አቆማቸው። በወንዙ ማዶም ብዙ ሺህ ሕዝብ ተሰብስቦ ያይ ነበር። ያንግ ሁዪሚን የምትባል የስካውት ልጃገረድ በሌሊት ተሻግራ ሰንደቅ ዓላማ አደረሰችላቸው፤ በማግሥቱ ጠዋት ሰንደቁ በመጋዘኑ ሰገነት ላይ ሲውለበለብ የታየ ጊዜ፥ በማዶ ያለው ሕዝብ በእልልታና በዕንባ ተቀበለው። ሰዎቹም ምግብና ልብስ ላኩላቸው፤ የጠላት ጦር ወዴት እንደሚንቀሳቀስ በትልልቅ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ያሳዩአቸው ነበር።

ጉባኤውስ ምን አደረገ? ጃፓን አልመጣችም። የመጡት መንግሥታት ሦስት ሳምንት ያህል ተነጋግረው የቀድሞውን ውል ቃል እንደ ገና አጸኑና ተለያዩ። ከዚህ ሁሉ በፊት፥ ወደ ጥቅምት 22 ቀን በሚያነጋው ሌሊት፥ የመጋዘኑ ወታደሮች በእንግሊዙ ጄኔራል ፈቃድ ድልድዩን ተሻግረው ወደ ዓለም አቀፉ ሠፈር ገቡ። ወደ ሠራዊታቸው ይመለሳሉ ሲባል፥ የሠፈሩ አስተዳደር የጃፓንን ዛቻ ፈርቶ መሣሪያቸውን አስፈትቶ በግቢ አጥሮ አኖራቸው። ሽየ ጂንዩዋንም በዚያ እስር ውስጥ ሳለ፥ ሚያዝያ 16 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ በገዛ ወታደሮቹ በጥቂቶቹ እጅ ተገደለ። በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጃፓን ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር ጦርነት በጀመረች ጊዜ ያ ገለልተኛ የተባለው ሠፈር ራሱ በጃፓን እጅ ወደቀ፤ የቀሩትም ወታደሮች ተማርከው ወደ ግዳጅ ሥራ ተነዱ። ለአራት ዓመት ያህል ለተመልካቹ ጋሻ የሆነው ወንዝ በአንዲት ቀን ጋሻ መሆኑ ቀረ።

እንግዲህ መጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንግባ። በወንዙ ማዶ ቆመው ያዩት ሰዎች በደል አለባቸውን? ለዚህ አንድ መልስ ብቻ መስጠት አይገባም፤ ማየት ሁሉ አንድ አይደለምና።

አንዱ ማየት ለመደሰት ማየት ነው። በሆቴል ሰገነት ላይ መጠጥ በእጁ ይዞ የሰው ቤት ሲነድድ የሚያይ ሰው ማየት ይህ ነው። ይህ ሰው እኔ አልገደልሁም ቢል እውነቱን ነው፤ ነገር ግን የባልንጀራውን ሞት ለዓይኑ ምግብ አድርጎታልና ልቡ ከገዳዩ ጋር ተቀምጧል። ነቢዩ አብድዩ ኤዶምያስን የወቀሰበትን ነገር በዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ኤዶምያስ ወንድሙ ያዕቆብ በተማረከበት ቀን በመጀመሪያ በአንጻሩ ቆሞ አየ፤ ከዚያ በጥፋቱ ደስ አለው፤ ከዚያም በበሩ ገብቶ ከምርኮው ዘረፈ፤ በመጨረሻም አምልጠው የሚሸሹትን በመንታ መንገድ ላይ ቆሞ ከለከለ፥ አሳልፎም ሰጠ። ነቢዩ የኤዶምያስን በደል ከፍጻሜው ሳይሆን ከመቆሙ ጀምሮ የቈጠረው፥ ቆሞ ማየት የመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን መሆኑን ሊያስተምረን ነው። በዚያ እርከን ላይ ለዘለቄታ የሚቆም የለም፤ ወይ ወርዶ ይረዳል፥ ወይ ወጥቶ ይዘርፋል።

ሁለተኛው ማየት አዝኖ ማየት ነው። ሰንደቁን አይተው ያለቀሱት ሰዎች ማየት ይህ ነው። ዕንባ መልካም ነው፤ የማያለቅስ ልብ ደንጊያ ነውና። ነገር ግን በዚህ ውስጥ አንድ ረቂቅ ፈተና አለ፤ ሰው ካለቀሰ በኋላ ዕዳውን የከፈለ ይመስለዋል። ልቡ ተነክቷልና ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል፤ ወደ ቤቱ ገብቶ በሰላም ይተኛል። ዕንባ ለእጅ መንገድ ጠራጊ ነው እንጂ የእጅ ምትክ አይደለም። በሻንጋይም ካለቀሱት መካከል ዳቦና ልብስ የላኩት፥ በሰሌዳ ጽፈው ያስጠነቀቁት፥ ይህን የተረዱት ናቸው። አልቅሰው ብቻ የሄዱት ግን ከሐዘናቸው ያተረፉት ሐዘኑን ብቻ ነው።

በዚህ ላይ፥ «የሠፈሩ ሰዎች ገለልተኛ ባይሆኑ ኖሮ ጦርነቱ በእነርሱም ላይ ይመጣ ነበር፤ በውስጡ የተጠለለው እጅግ ብዙ ስደተኛ ሁሉ ያልቅ ነበር፤ ታዲያ ምን ያድርጉ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ስላልተዋጉ አንነቅፋቸውም፤ ሰይፍ መምዘዝ የሁሉ ሰው ግዴታ አይደለም፤ ከሁለት ሠራዊት መካከል ገብቶ አለመዋጋት አንዳንድ ጊዜ ብዙ ነፍስ ያድናል። ነገር ግን ሰው ይህን ገለልተኝነት ወስዶ በማይገባው ሥፍራ ሲያኖረው ይስታል። ከሁለት ሠራዊት መካከል ገለልተኛ መሆን ይቻላል፤ በሚሞት ሕፃንና በሞቱ መካከል ግን ገለልተኛ መሆን አይቻልም። ይህንም በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራ ያስረዳ አንድ ሰው በዚያች ከተማ ነበረ።

ያ ሰው ሮቤር ዣኪኖ የሚባል ፈረንሳዊ ካህን ነው። በሻንጋይ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረ መምህር ነበረ፤ በቤተ ሙከራ በደረሰ ፍንዳታ አንድ እጁን አጥቶ ነበር። በጥቅምት 1930 ዓ.ም. ጦርነቱ ናንሺ ወደሚባለው ወደ አሮጌው የቻይናዎች ከተማ ሲቀርብ፥ ሕዝቡ ወደ ፈረንሳይ ሠፈር ሊገባ ቢሮጥ የብረት በሮቹ ተዘግተው አገኛቸው። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በበሩ ብረት ላይ ተጣበቁ። ይህን ብዙ ሰው አየ። ዣኪኖ ግን አይቶ አላለፈም። ወደ ቻይናው ከንቲባ ሄደ፤ ወደ ጃፓን የጦር አለቆችም ሄደ። የናንሺ ሰሜናዊ ክፍል መሣሪያ የማይገባበት፥ የማይደበደብ የስደተኞች መጠለያ ይሆን ዘንድ ሁለቱንም ለመነ፤ ሁለቱም እሺ አሉት። ጥቅምት 30 ቀን 1930 ዓ.ም. መጠለያው ተከፈተ፤ ሩብ ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብም በዚያ ተጠለለ። በየመቅደሱና በየትምህርት ቤቱ አኖሩአቸው፤ ምግብና መድኃኒት ተሰበሰበላቸው፤ ካህኑም እስከ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ገንዘብ ለመነላቸው። መጠለያውም እስከ ሰኔ 1932 ዓ.ም. ቆየ።

አንባብያን ሆይ፥ የዚህን ሥራ ልክ እንመልከት። ጦርነቱን አላስቆመም፤ ከተማይቱን አላዳነም፤ ጃፓንን አላሸነፈም፤ ይህን ሁሉ ለማድረግ ኃይል አልነበረውም። ነገር ግን የሌለውን ኃይል እያሰበ አልተቀመጠም። ያለውን ቈጠረ፤ የሁለቱም ወገን ሰዎች ያውቁታል፤ ቋንቋ ያውቃል፤ መለመን አያፍርም። በዚህ ሠራ። ሁለት እጅ ያላቸው ብዙዎች እጃቸውን አጣጥፈው ሲያዩ፥ አንድ እጅ የቀረው ሰው በአንዲቱ እጁ ሠራ። ሰው የሚጠየቀው በሌለው መክሊት ሳይሆን በተሰጠው መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምን ምሳሌ አለ?

እዚህ ላይ ግን በእኛ ዘንድ አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ልንሸሽገውም አይገባም። ይህ ካህን የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ነበረ። ይህ ማኅበር በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በአገራችንና በቤተ ክርስቲያናችን ላይ ያመጣው መከራ፥ የፈሰሰውም የወንድማማች ደም፥ ከአባቶቻችን ወደ እኛ የደረሰ ነውና፥ ስሙን በመልካም ስናነሣ ብዕራችን ይከብደናል። ስለ ሃይማኖት ያለን ልዩነትም እንደ ጥንቱ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ አንዳች አንቀንስለትም። ነገር ግን ጌታችን ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ለጠየቀው ሕግ ዐዋቂ የመለሰለትን ምሳሌ እናስብ። በመንገድ የወደቀውን ቍስለኛ ካህኑም አየ፥ ሌዋዊውም አየ፤ ሁለቱም አይተው አለፉ። የእነርሱ ትምህርት የቀና ነበር፤ መቅደሳቸውም በኢየሩሳሌም ነበር። አይቶ የራራው፥ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቍስሉን ያሰረው ግን በትምህርቱ ከእነርሱ የተለየው ሳምራዊ ነው። ጌታችን ሳምራዊውን ያመሰገነው የሳምራውያንን ትምህርት ለማጽደቅ አይደለም፤ ትምህርታቸው የቀና ሰዎች ቍስለኛውን አይተው በማለፋቸው እንዲያፍሩ ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ ስናነብ ሰውየው የማን ማኅበር ነበረ ብለን ከመጠየቃችን በፊት፥ እኛ በዚያ በር አጠገብ ብንቆም ምን እናደርግ ነበር ብለን እንጠይቅ።

ሌላም ተቃውሞ ይነሣል፤ «ከወራሪ ጋር ተቀምጦ መለመን ወራሪውን ማክበር አይደለምን?» የሚል። መልሳችን ይህ ነው። ዣኪኖ ከጃፓኖች የለመነው ለራሱ ጥቅም ወይም ለሥልጣን አልነበረም፤ ወረራውንም ትክክል ነው ብሎ አልፈረመም። ከገዳዩ እጅ ሕፃን ለማውጣት ገዳዩን ማነጋገር ግድ ከሆነ፥ ማነጋገር ኃጢአት አይደለም፤ ለክብር ብሎ ዝም ማለትና ሕፃኑን መተው ነው ኃጢአቱ። ይህም ሥራ ለሁልጊዜ አይሳካም። ታኅሣሥ 4 ቀን 1930 ዓ.ም. ዋና ከተማው ናንጂንግ ሲወድቅ፥ በዚያ የቀሩ ጥቂት የውጭ አገር ሰዎች የሻንጋይን ምሳሌ ተከትለው መጠለያ አቁመው ነበር። የጃፓን ወታደሮች ግን በከተማይቱ እጅግ አሠቃቂ እልቂት ፈጸሙ፤ ከመጠለያው ውስጥ እንኳ ሰዎችን እያወጡ ገደሉ። የሻንጋዩ ዘመቻ የበላይ አዛዥ የነበረው ጄኔራል ማትሱይ ኢዋኔም ስለ ናንጂንግ ግፍ በቶክዮ ፍርድ ቤት ተፈርዶበት በታኅሣሥ 1941 ዓ.ም. ተሰቀለ። ሆኖም በዚያ መጠለያ ከተሰበሰበው ከ200,000 በላይ ሕዝብ አብዛኛው ከሞት ተርፏል። መልካም ሥራ ሁሉን ባያድንም፥ የዳነው ሰው ግን በእውነት ድኗል። ከዚህም በኋላ በነሐሴ 1941 ዓ.ም. በጄኔቭ በተፈረመው የሰላማውያን ሰዎች ጥበቃ ውል ውስጥ እንዲህ ያለ መጠለያ ማቋቋም በሕግ ተጻፈ፤ የሻንጋዩም መጠለያ ለዚህ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል።

ጄኔቭን ስናነሣ ግን ልባችን ወደ ራሳችን ይመለሳል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥታችን በዚያች ከተማ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ሕዝባቸው ሲናገሩ ዓለም አየ፥ ሰማም፤ በዚያው ክረምት ግን በጣልያን ላይ የተጣለው ቅጣት ተነሣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሆነውን፥ በግንቦትም ወር በደብረ ሊባኖስ በመነኮሳቱና በዲያቆናቱ ላይ የተፈጸመውን ግፍ እናውቃለን። የሻንጋይ ጦርነት የተጀመረው በዚያው ዓመት በነሐሴ ነው። እኛ ደም ስናፈስ ዓለም በወንዝ ማዶ ቆሞ ነበር፤ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ተራው የቻይና ሆነ። ጃፓን በዚሁ ዓመት የጣልያንን አገዛዝ አወቀች፤ ቻይና ግን እርሷ ራሷ በመከራ ውስጥ ሳለች፥ ይህን ግፍ ካላጸደቁት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ነበረች። መርከብ ወይም ጠመንጃ ልትልክልን አልቻለችም፤ የነበራት አንድ ቃል ነበር፥ ያንን ቃል ለወራሪው አልሸጠችውም። ይህም ከማየት ያለፈ ነውና ልንዘነጋው አይገባም።

ሲታይ የኖረ ሕዝብ ግን እርሱም የሚያይበት ቀን ይመጣል። ዛሬ የሰው መከራ በእጃችን በያዝነው ስልክ ላይ በየሰዓቱ ይታየናል፤ ወንዙ እጅግ ጠቧል፥ ሰገነቱም በየቤታችን ሆኗል። በቅርብ ዓመታት በገዛ አገራችን ወንድም በወንድሙ ላይ በተነሣ ጊዜ፥ የማዶውን ሟች ከወገኔ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ሳይጠይቅ ያዘነ ከመካከላችን ስንቱ ነው? ኤዶምያስ እንዳደረገው በወንድሙ ጥፋት በልቡ የተደሰተስ የለምን? እኛም መስቀል የምንይዝ ሰዎች መናገር ሲገባን ዝም ያልንበት ጊዜ አልነበረምን? ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም፤ በክሱ ውስጥ ራሳችንን አስገብተን ነው።

ስለዚህ ያየ ሰው ዕዳ አለበት እንላለን። ዕዳው ግን የዓለምን መከራ ሁሉ እንዲያስወግድ አይደለም፤ ይህ ከሰው አቅም በላይ ነውና። ዕዳው ሦስት ነው። አንደኛ፥ የባልንጀራውን መከራ ለዓይኑ መዝናኛ እንዳያደርገው፤ ሁለተኛ፥ ዕንባውን የሥራው መጨረሻ እንዳያደርገው፤ ሦስተኛ፥ በእጁ ምን እንዳለ ቈጥሮ፥ አንድ ቃልም ቢሆን፥ አንድ ቍራሽ እንጀራም ቢሆን፥ በአንድ በር ፊት ቆሞ መለመንም ቢሆን፥ ያንን እንዳይነፍግ። ይህን ያደረገ ሰው ወንዙን ባይሻገርም ከተሻገሩት ጋር ይቈጠራል።

ወንድሞቻችን ካህናት ሆይ፥ እንግዲህ ወደ ፊት ተነሳሒው በፊታችን ሲንበረከክ፥ «ምን ሠራህ?» ብቻ ብለን አናብቃ፤ «ምን አይተህ ተውህ?» ብለንም እንጠይቀው። እርሱን ከመጠየቃችን በፊትም በየሌሊቱ ለጸሎት ስንቆም ይህንኑ ጥያቄ ለራሳችን እናቅርብ። በዚያች በመጨረሻይቱ ቀን ስለ ተራበውና ስለ ታመመው የሚጠየቁት በእጃቸው የገደሉት ብቻ አይደሉም፤ አይተው ያለፉትም ናቸው። አይተን እንዳናልፍ ልዑል እግዚአብሔር ዓይናችንን ከልባችን፥ ልባችንንም ከእጃችን ጋር ያስተባብርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።